የፍሬን ሸራ ያልተመጣጠነ አበላል፦ መንስኤዎቹና ከሸራው ላይ የሚነበቡበት መንገድ

አጠቃሎ

በዲስክ ፍሬን ላይ አንዱ ሸራ ከሌላው ቀድሞ ሲያልቅ፣ ወይም የአንዱ ሸራ አንድ ጫፍ ብቻ ተበልቶ ሲገኝ፣ የተለመደው መፍትሔ አዲስ ሸራ መግጠም ነው። ይህ ጽሑፍ ያልተመጣጠነ አበላል በአብዛኛው ከሸራው ጥራት ይልቅ ሸራውን በሚይዙትና በሚገፉት ክፍሎች ላይ የተፈጠረ እክል ውጤት መሆኑን፣ የእክሉም ዓይነት ከአበላሉ ቅርጽ ሊለይ እንደሚችል ያሳያል። ትንታኔው በአነስተኛ መኪኖች የፊት ጎማ ላይ በብዛት የሚገኘውን ባለ አንድ ፒስተን ተንሸራታች ካሊፐር ይመለከታል። ስሌቶቹ ለማሳያ በተመረጡ መጠኖች የተሠሩ ሲሆኑ፣ ዓላማቸው የልዩ ልዩ መንስኤዎችን አንጻራዊ ክብደት መመዘን ነው።

መግቢያ

ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው መንገድ እስከ ድልድዩ ድረስ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ይጥላል። ክብደቱ 1,500 ኪሎግራም የሆነ መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ ወደ ሌላ መልክ መለወጥ ያለበት ጉልበት 14.7 ሜጋጁል ያህል ነው። ይኸው መኪና ሜዳ ላይ በሰዓት 80 ኪሎሜትር ሲሄድ ቆይቶ ቢቆም ፍሬኑ የሚቀበለው 0.37 ሜጋጁል ብቻ ነው። ቁልቁለቱ እንግዲህ ከዚያ ፍጥነት አርባ ጊዜ ከመቆም ጋር የሚተካከል ሸክም አለው። በከባድ ማርሽ የሚወርድ አሽከርካሪ ከዚህ ትልቁን ድርሻ ለሞተሩ ያሸክማል፤ ፍሬን እየረገጠ የሚወርደው ግን የአየርና የጎማ ተቃውሞ ከሚቀንሱት በቀር የቀረውን ሁሉ ወደ ዲስኮቹና ወደ ሸራዎቹ ይልከዋል።

የፍሬን ንድፍ ይህን ሸክም በእኩል የሚካፈሉ ሸራዎች አሉ ብሎ ይነሣል። በአንድ የፊት ጎማ ላይ ካሉት ሁለት ሸራዎች አንዱ ሥራውን ቢያቆም፣ የሌላው ወገን የዲስክ ፊት የሁለቱን ሙቀት ብቻውን ይቀበላል። ይህ በከተማ መንገድ ላይ ላይታወቅ ይችላል። በረጅም ቁልቁለት ላይ ግን የሸራውን ማጣበቂያ ሙጫ ወደሚያፈርስና የፍሬኑን ዘይት ወደሚያፈላ የሙቀት ደረጃ መድረስ ማለት ሊሆን ይችላል። ያልተመጣጠነ አበላል ከወጪ ጉዳይነቱ በላይ የደኅንነት ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

«ሸራ» የሚለው ስያሜ ራሱ የቁሳቁሱን ታሪክ ያስታውሳል። እንግሊዛዊው ሄርበርት ፍሩድ እ.ኤ.አ. በ1897 ለጋሪ ፍሬን የሚሆን የሰበቃ ቁስ መሥራት ሲጀምር ብዙም ሳይቆይ የደረሰበት መንገድ የተሸመነና በማጣበቂያ የተነከረ ጨርቅ ነበር፤ በኋላም ጥጡን የአስቤስቶስ ክር ተካው። የዛሬው የዲስክ ፍሬን ሸራ ሽመና የለውም። ከብረት ዝርግ ጀርባ ላይ በሙቀትና በግፊት የተጣበቀ የሙጫ፣ የብረት ቅንጣት፣ የግራፋይትና የማዕድን ዱቄት ድብልቅ ነው። አዲስ ሲሆን የሰበቃ ቁሱ ውፍረት በአብዛኞቹ አነስተኛ መኪኖች ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ወደ 3 ሚሊሜትር ሲወርድ መቀየሩ ይመከራል።

ራሱን የሚያስተካክል አበላል

ስለ ያልተመጣጠነ አበላል ከመጠየቅ በፊት ሸራ ለምን በእኩል እንደሚያልቅ መጠየቅ ይገባል። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ቴዎዶር ራይ እ.ኤ.አ. በ1860 ያቀረበው ግምት፣ በሰበቃ የሚጠፋው የቁስ መጠን በሰበቃው ከሚባክነው ጉልበት ጋር ተመጣጣኝ ነው የሚል ነበር። እንግሊዛዊው አርቻርድ እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው ቀመር ደግሞ የሚጠፋው መጠን ከሚጫነው ኃይልና ከተንሸራተተው ርቀት ጋር በቀጥታ፣ ከለስላሳው ቁስ ጥንካሬ ጋር በተቃራኒው እንደሚመጣጠን አስቀመጠ። ሁለቱ ከተለያየ መነሻ ወደ አንድ ሐሳብ ይመጣሉ፤ በአንድ የሸራ ነጥብ ላይ ያለው የአበላል ፍጥነት የግፊቱና የመንሸራተቻ ፍጥነቱ ብዜት ውጤት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለዚህ ጽሑፍ መሠረታዊ ነው። የሸራው አንድ ክፍል በማንኛውም ምክንያት ከፍ ብሎ ቢገኝ፣ ያ ክፍል የበለጠ ግፊት ይቀበላል፤ የበለጠ ግፊት ስለተቀበለ ቶሎ ይበላል፤ ቶሎ ስለተበላም ከጎረቤቱ ጋር ይተካከላል፤ ግፊቱም ይቀንሳል። አበላል ስሕተትን የሚያርም እንጂ የሚያባብስ ሂደት አይደለም ማለት ነው። ከዲስኩ መሐል ርቆ ያለው የሸራ ጠርዝ በፍጥነት ስለሚንሸራተት መጀመሪያ ላይ ቶሎ ይበላል፤ ነገር ግን ሸራው ከዲስኩ ጋር ተስማምቶ ከተቀመጠ በኋላ በዚያ ጠርዝ ያለው ግፊት ራሱ ይቀንስና አበላሉ በመላው ፊት እኩል ይሆናል። በዚህ ለውጥ ፍሬኑ የሚያጣው ጥቂት ነው። የሸራው ውስጣዊ ሬዲየስ 85፣ ውጫዊው 135 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ግፊቱ እኩል በተሰራጨበት ጊዜ የሰበቃው ኃይል የሚያርፍበት አማካይ ሬዲየስ 111.9 ሚሊሜትር ሲሆን፣ አበላሉ እኩል በሆነበት ጊዜ 110 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ ሁለት በመቶ አይሞላም።

እንግዲህ ሂደቱ በባሕርዩ የሚያስተካክል ከሆነ፣ ጎልቶ የሚታይና ሸራው እስኪያልቅ የሚዘልቅ ልዩነት በአጋጣሚ አይመጣም። አንድ ነገር ሸራውን በማያቋርጥ ሁኔታ እያዘነበለ፣ ወይም ከሁለቱ ሸራዎች ለአንዱ የበለጠ ሥራ እየሰጠ መሆን አለበት። የጫማ ተረከዝ የባለቤቱን አረማመድ ይዞ እንደሚበላ፣ ሸራም የተያዘበትን አኳኋን ይዞ ያልቃል። አዲስ ሸራ መግጠም በዚህ ዓይን ሲታይ አረማመዱን ሳያርሙ ሶል እንደማስቀየር ነው።

የተሰነገ ፒንና የቀላል ፍሬን አሳሳችነት

ተንሸራታች ካሊፐር ፒስተን ያለው በአንድ ወገን ብቻ ነው። የፍሬኑ ዘይት ፒስተኑን ሲገፋው የውስጠኛው ሸራ ዲስኩን ይነካል፤ ዲስኩ ስለማይሸሽ ካሊፐሩ በአጸፋው ወደ ኋላ ይሄድና በጣቶቹ የውጪውን ሸራ ጎትቶ ከዲስኩ ሌላ ፊት ጋር ያገናኘዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ካሊፐሩ በሁለት መምሪያ ፒኖች ላይ ያለ ችግር ሲንሸራተት ነው። ፒኖቹን ከአቧራና ከውሃ የሚጠብቃቸው ቀጭን የላስቲክ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሲቀደድ ጭቃ ይገባል፤ ግሪሱ ይደርቃል፤ ፒኑ ይዝጋል።

የተሰነገ ፒን በሁለቱ ሸራዎች መካከል ምን ያህል ልዩነት ያመጣል? የፒስተኑ ዲያሜትር 54 ሚሊሜትር ይሁን፤ የፊቱ ስፋት 2,290 ስኩዌር ሚሊሜትር ይሆናል። የፒኖቹ ተቃውሞ 300 ኒውተን ነው ይባል። አሽከርካሪው ፍሬኑን በርትቶ ሲረግጥና የዘይቱ ግፊት 4 ሜጋፓስካል ሲደርስ የውስጠኛው ሸራ የሚቀበለው ኃይል 9,160 ኒውተን፣ የውጪው ደግሞ 8,860 ኒውተን ነው፤ ልዩነቱ 3 በመቶ ጥቂት ቢያልፍ ነው። በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ፔዳሉ በቀስታ ሲነካና ግፊቱ 0.5 ሜጋፓስካል ሲሆን ግን የውስጠኛው ሸራ 1,145 ኒውተን ሲቀበል የውጪው የሚያገኘው 845 ኒውተን ብቻ ይሆናል። ልዩነቱ ወደ 26 በመቶ ደረሰ።

የፒኑ ተቃውሞ በሁለቱም ጊዜ ያው ነው። የተለወጠው የሚነጻጸርበት ኃይል ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ ቀኑን ሙሉ በቀስታ እየቆመና እየተነሣ የሚውል የከተማ መኪና ከረጅም ርቀት መኪና የበለጠ ለውስጥና ለውጪ ልዩነት የተጋለጠ ነው። ሁለተኛውና ይበልጥ የሚያሳስበው፣ ፍሬንን ለመፈተን ተብሎ መኪናውን አፍጥኖ በድንገት መቆም ጉድለቱን ይሸፍነዋል፤ በከፍተኛ ግፊት የሚደረግ ማንኛውም ፍተሻ የፒኑን ተቃውሞ ከቁጥር የማይገባ ያስመስለዋልና። መኪናው በፈተናው ጥሩ ሆኖ ይቆማል፤ ሸራው ግን መበላቱን ይቀጥላል። ፒኑ ፈጽሞ ሲጣበቅና ካሊፐሩ ጭራሽ ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ብቻ ጉድለቱ በማንኛውም ፈተና ይታያል፤ ያን ጊዜ የውስጠኛው ሸራ ወደ ብረቱ ቀርቦ የውጪው አዲስ መስሎ ይገኛል።

የማይለቅ ፍሬን

እስካሁን የተባለው ፔዳሉ ሲረገጥ ስለሚሆነው ነው። ሸራን በብዛት የሚበላው ግን አንዳንድ ጊዜ ፔዳሉ ካልተረገጠ በኋላ የሚሆነው ነገር ነው፤ ይህም ከሚገባው ያነሰ ትኩረት የሚሰጠው ይመስላል።

በዲስክ ፍሬን ውስጥ ፒስተኑን የሚመልስ ስፕሪንግ የለም። ይህን ሥራ የሚሠራው ዘይቱ እንዳይፈስ በፒስተኑ ዙሪያ የሚቀመጠው፣ ቅርጹ አራት ማዕዘን የሆነ የላስቲክ ቀለበት፣ በጋራዥ ቋንቋ ጎሚኒ የሚባለው ነው። ፒስተኑ ወደ ፊት ሲገፋ ጎሚኒው ከፒስተኑ ሳይላቀቅ ይጣመማል፤ ግፊቱ ሲቆም ወደ ቅርጹ ይመለስና ፒስተኑን ይዞት ወደ ኋላ ይስባል። የሚስበው ከሚሊሜትር ጥቂት አሥረኛ አይበልጥም። መላው የፍሬን መለቀቅ በዚህች ጠባብ ክፍተት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ክፍተቷን የሚያጠፋ ነገር ሁሉ ሸራውን ከዲስኩ ጋር እያታከከ ያስኬደዋል። የፒስተኑ ዝገት፣ የደረቀ ጎሚኒ፣ ሸራው በሚቀመጥበት ቅንፍ ላይ ከአይዝጌው ብረት ቅንጥብ ሥር የተጠራቀመ ዝገት፣ ከውስጥ የተቆረጠ የፍሬን ቱቦ፣ እነዚህ ሁሉ በየፊናቸው ይህን ያደርጋሉ።

የመታከኩ ዋጋ በስሌት ሲታይ የሚያስገርም ነው። ክብደቱ 1,300 ኪሎግራም የሆነ መኪና በሰዓት ከ40 ኪሎሜትር ፍጥነት ሲቆም 80 ኪሎጁል ያህል ይለቃል። የፊት ጎማዎች ከዚህ 70 በመቶውን ቢወስዱ፣ ለአንድ የፊት ሸራ የሚደርሰው 14 ኪሎጁል ነው። አሁን ይኸው ሸራ ፔዳሉ ሳይረገጥ በ20 ኒውተን የሰበቃ ኃይል ብቻ ዲስኩን እየታከከ ይሂድ። የጎማው ሬዲየስ 30 ሳንቲሜትር፣ የዲስኩ የሰበቃ ሬዲየስ 11 ሳንቲሜትር ከሆነ፣ መኪናው አንድ ኪሎሜትር ሲሄድ ሸራው በዲስኩ ላይ 367 ሜትር ይንሸራተታል፤ በዚህም 7.3 ኪሎጁል ያባክናል። ስለዚህ በየሁለት ኪሎሜትሩ ያ አንድ ሸራ ሌሎቹ የማያውቁትን አንድ ተጨማሪ ማቆም ይቆማል። ሃያ ኒውተን በእጅ ለሚያዝ ሁለት ኪሎግራም ክብደት የተጠጋ ኃይል ነው፤ አሽከርካሪው በጉዞው ውስጥ ሊሰማው አይችልም። በነዳጅ ፍጆታም በቀላሉ አይለይም። የሚለየው ሸራው ላይ ነው።

የተቆረጠ ቱቦ የተባለው ልዩ መጠቀስ አለበት፤ ብዙ ጊዜ ካሊፐር ያለ ጥፋቱ የሚቀየርበት ጉዳይ ነውና። ያረጀ የላስቲክ ቱቦ ከውጪ ጤነኛ መስሎ የውስጥ ሽፋኑ ሊላቀቅ ይችላል። የተላቀቀው ቁራጭ በአንድ አቅጣጫ የሚከፈት በር ሆኖ ዘይቱን በፔዳሉ ኃይል ወደ ካሊፐሩ ያሳልፋል፤ ሲመለስ ግን ይዘጋዋል። ጎሚኒው ዘይትን ገፍቶ ለመመለስ የሚያስችል ብርታት ስለሌለው ፍሬኑ ተይዞ ይቀራል። መለያው ቀላል ነው፤ ጎማው ተይዞ ሳለ የካሊፐሩ የማንፈሻ ቡሎን ሲላላና ጎማው ወዲያው ሲለቅ፣ የያዘው የታሰረ ግፊት እንጂ የዛገ ፒስተን አይደለም።

የፍሬን ዘይትም በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። ዶት 3 እና ዶት 4 የሚባሉት የተለመዱት ዘይቶች እርጥበትን ከአየር ይስባሉ። የዶት 3 ዝቅተኛ የመፍያ ነጥብ አዲስ ሳለ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ ውሃ በጠጣ ጊዜ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ልክ 140 ዲግሪ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስለ አሮጌ ዘይት የሚነገረው ይህ የመፍላት አደጋ ነው። ውሃው ግን ከመፍላቱ በፊት ረጅም ሥራ ይሠራል፤ የካሊፐሩን ውስጥ ግድግዳና ፒስተኑን ያዝጋል። ዘይት ሳይቀየር ብዙ ዓመት የቆየ መኪና ላይ የሚታይ የአንድ ወገን አበላል መነሻው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው።

ሁለቱ ሸራዎች ይስማማሉ ወይስ ይቃረናሉ?

የሸራ ውፍረት ልዩነት ከአንዱ ሸራ ወደ ሌላው ብቻ ሳይሆን በአንዱ ሸራ ውስጥም ይታያል፤ ሸራው የሽብልቅ ቅርጽ ይይዛል። እዚህ ላይ ብቻውን የተያዘ ሸራ ብዙ አይናገርም። መረጃው ያለው ሁለቱን ሸራዎች እንደተገጠሙ አቅጣጫ ጎን ለጎን አስቀምጦ ቀጭን ጫፎቻቸው በአንድ ወገን ናቸው ወይስ በተቃራኒ ወገን ብሎ በመጠየቅ ነው።

በመጀመሪያ በዲስኩ የመዞር አቅጣጫ የሚታየውን ሽብልቅ መመልከት ይቻላል። ዲስኩ ወደ ሸራው የሚገባበት ጠርዝ ከሚወጣበት ጠርዝ ይልቅ መበላቱ ጉድለት በሌለው ፍሬን ላይ እንኳ በመጠኑ ይታያል። ምክንያቱ ይህ ነው፤ የሰበቃው ኃይል ሸራውን የሚጎትተው ከዲስኩ ፊት ላይ ሲሆን፣ ሸራውን አግቶ የሚይዘው ቅንፍ ግን የሚነካው የብረቱን ጀርባ ነው። ሁለቱ ተቃራኒ ኃይሎች በአንድ መሥመር ላይ ስላልዋሉ ሸራውን ይጠመዝዙታል፤ የመግቢያ ጠርዙንም ወደ ዲስኩ ይጫኑታል። በዚህ የተነሣ የግፊቱ መሐል የሚሸሸው ርቀት የሰበቃው ቁጥር በሁለቱ መሥመሮች መካከል ባለው ርቀት ሲባዛ የሚገኘው ነው። የሰበቃው ቁጥር 0.4፣ ርቀቱ 12.5 ሚሊሜትር ቢሆን፣ መሐሉ 5 ሚሊሜትር ይሸሻል። ርዝመቱ 100 ሚሊሜትር በሆነና ግፊቱ በቀጥታ መሥመር ይለወጣል ተብሎ በታሰበ ሸራ ላይ፣ ይህ የመግቢያ ጠርዙን ግፊት ከአማካዩ በ30 በመቶ ከፍ፣ የመውጫውን በ30 በመቶ ዝቅ ያደርገዋል።

ርቀቱ ግን ቋሚ አይደለም። ሸራው እየቀጠነ ሲሄድ ሁለቱ መሥመሮች ይቀራረባሉ፤ ጠምዛዡም ይቀንሳል። ሽብልቁ በዋነኛነት የሚፈጠረው ሸራው አዲስ በሆነበት ጊዜ ነው ማለት ነው። ንድፍ አውጪዎች ይህን ስለሚያውቁ የፒስተኑን መሐል ከሸራው መሐል ጥቂት ሚሊሜትር ወደ መውጫው ያስጠጉታል፤ ብዙ ፒስተን ባላቸው ካሊፐሮች ደግሞ በመግቢያው ወገን ያለውን ፒስተን ከመውጫው ያነሰ አድርገው ይሠሩታል። ለዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዋናው ነገር ጠምዛዡ በሁለቱም ሸራዎች ላይ በአንድ አቅጣጫ መሥራቱ ነው። ሁለቱም ሸራዎች የመግቢያ ጠርዛቸው ቀጭን ሆኖ ከተገኘ ሸራዎቹ ተስማሙ፤ ምክንያቱም ከሰበቃው ነው።

ከሁለቱ መምሪያ ፒኖች አንዱ ብቻ ሲሰነግ ግን ሥዕሉ ይለወጣል። ካሊፐሩ መንሸራተት ስላልቻለ በተያዘው ፒን ዙሪያ እንደ በር ይዞራል። ነፃው ጫፍ ወደ ኋላ ሲሳብ ጣቶቹ በዚያ በኩል ወደ ዲስኩ ይቀርባሉ፤ ስለዚህ የውጪው ሸራ በነፃው ፒን በኩል ይበላል። ፒስተኑ ከካሊፐሩ ጋር አብሮ ስላዘነበለ ፊቱ በነፃው ፒን በኩል ከዲስኩ ይርቃል፤ የውስጠኛው ሸራም በተያዘው ፒን በኩል ይበላል። ሁለቱ ሸራዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ቀጭን ጫፎቻቸው በሰያፍ ይተያያሉ። ይህ ተቃርኖ ከሰበቃው ጠምዛዥ ሊመጣ አይችልም፤ የካሊፐሩን መዘንበል የሚመሰክር ነው፤ የተያዘው ፒን የትኛው እንደሆነም የውስጠኛው ሸራ ቀጭን ጫፍ ይጠቁማል።

ይኸው የመስማማትና የመቃረን ጥያቄ ከዲስኩ መሐል ወደ ጠርዝ በሚሄደው አቅጣጫም ይሠራል። ካሊፐር የተለጠጠ ቅስት ነው፤ ድልድዩ ከዲስኩ ጠርዝ ውጪ ያልፋል። በከፍተኛ ግፊት ጊዜ ቅስቱ ይከፈታል፤ የሚከፈተውም ከድልድዩ ርቆ ባለው በዲስኩ መሐል በኩል ስለሆነ ግፊቱ ወደ ውጪኛው ጠርዝ ይሰበሰባል። ሁለቱም ሸራዎች በውጪኛው ጠርዝ ይበላሉ፤ ይስማማሉ። ዲስኩ በሙቀት ሲቀየር ግን ነገሩ ሌላ ነው። የጋለው የሰበቃ ቀለበት ሊሰፋ ሲፈልግ ከሞዞው ጋር የሚያያይዘው ቆብ በአንድ ወገን ይይዘዋል፤ ዲስኩም ዝርግነቱን አጥቶ ጥልቀት እንደሌለው ጉልላት ይጎብጣል። ያን ጊዜ አንዱ ሸራ በውጪኛው፣ ሌላው በውስጠኛው ጠርዝ ይነካል። በሬዲየስ አቅጣጫ የሚቃረኑ ሸራዎች የመኪናውን የቁልቁለት ታሪክ ይናገራሉ፤ መድኃኒቱም ከካሊፐር ይልቅ ከአነዳድ በኩል ሊሆን ይችላል።

ግራና ቀኝ

በአንድ አክስል ግራና ቀኝ ያሉ ካሊፐሮች የሚቀበሉት የዘይት ግፊት እኩል ነው። ስለዚህ የግራና የቀኝ ልዩነት ሲታይ ዋናው የፍሬን ፖምፓ ተጠያቂ መሆኑ እምብዛም ነው፤ ፖምፓው ዘይቱን ወደ ማጠራቀሚያው በትክክል የማይመልስ ከሆነ የሚያስጨንቀው በአንድ መሥመር ላይ ያሉትን ጎማዎች ሁሉ እንጂ አንዱን አይደለም። ልዩነቱን በመለቀቅ፣ ማለትም በፒስተን፣ በፒንና በቱቦ፣ ወይም በአንደኛው ወገን ሸራ ላይ በፈሰሰ ዘይትና ግሪስ መፈለግ ይሻላል። የኋላ ፍሬን የራሱ ጉዳይ አለው። የእጅ ፍሬኑ በካሊፐሩ ውስጥ በሚሠራባቸው መኪኖች የተያዘ የእጅ ፍሬን ገመድ አንዱን ወገን ብቻውን ሊጨርሰው ይችላል። የመረጋጋት መቆጣጠሪያ ባላቸው አዳዲስ መኪኖች ደግሞ የኋላ ሸራ ከፊቱ ቀድሞ ቢያልቅ ሁልጊዜ እክል አይደለም፤ ኮምፒውተሩ የኋላ ፍሬኖችን ከቀድሞው የበለጠ ያሠራቸዋልና።

በጥገና ጊዜ የሚጠፋው ማስረጃ

ከላይ የተባለው ሁሉ የሚጠቅመው አሮጌዎቹ ሸራዎች ሲወጡ የትኛው ከየት እንደወጣና በየትኛው አቅጣጫ እንደተቀመጠ ሲታወቅ ነው። ሸራዎቹ በአንድ ላይ ወደ ቆሻሻ መጣያ ከተወረወሩ ምርመራው አበቃ። የውስጡን ሸራ በውጪው እየለዋወጡ ዕድሜውን ማራዘም ደግሞ ቁጠባ ቢመስልም ሁለት ጉዳት አለው፤ የሽብልቁን መዝገብ ይደመስሳል፤ ለአንድ ፊት የተስማማ ሸራ በሌላ ፊት ላይ በጠርዙ ብቻ እንዲሠራ በማድረግም የመነሻውን የማቆም አቅም ይቀንሳል። እያንዳንዱ ሸራ ከመውጣቱ በፊት በጀርባው ላይ በቾክ ምልክት ቢደረግበት፣ ከዚያም በአራቱ ማዕዘኖች በቬርኒየር ቢለካ፣ በአንድ ጎማ ስምንት ቁጥር ይገኛል። ስምንቱ ቁጥሮች በዚህ ጽሑፍ የተዘረዘሩትን ቅርጾች ሁሉ ለመለየት ይበቃሉ፤ ለመለካትም ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይወስዱም።

ፒኖቹን ማጽዳትና መቀባት ቀላል ሥራ ቢሆንም በተሳሳተ ግሪስ ሲሠራ ጥፋት ያመጣል። ከነዳጅ ዘይት የሚሠራው ተራ የኩሽኔታ ግሪስ የፍሬን ላስቲኮችን ያሳብጣል። ያበጠ ላስቲክ ፒኑን አንቆ ይይዘዋል፤ ከሳምንታት በኋላ ካሊፐሩ ከጥገናው በፊት ከነበረው የባሰ ይሆናል። ለዚህ ቦታ የሚስማማው ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ግሪስ ነው። በቅንፉ ላይ ያለውን ዝገት ቅንጥቦቹን አንሥቶ መፋቅም እንዲሁ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ሥራ ነው። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቅንጥቡን ከሥሩ እያነሣ የሸራውን ጆሮ ያጣብቃል፤ አዲሱ ሸራ በመዶሻ ተመትቶ ከገባ፣ ለመውጣትም መዶሻ ይፈልጋል፤ ጎሚኒው ግን መዶሻ የለውም።

የእነዚህ ስሌቶች ወሰንም መጠቆም አለበት። የራይ ግምት የሚሠራው የቁሱ ጠባይ ሳይለወጥ ሲቆይ ነው። በሙጫ የተያያዘ ሸራ ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ጀምሮ ሙጫው መፍረስ ሲጀምር በአንድ ኪሎጁል የሚጠፋው ቁስ እጅግ ይጨምራል። ስለዚህ በቁልቁለት የጋለ ሸራ ከተባለው ፈጥኖ ይበላል፤ ቀድሞ የጋለው ደግሞ ሥራውን ብቻውን ይሠራ የነበረው ሸራ ነው። እዚህ ላይ ራስን የማስተካከሉ ዝንባሌ ይገታል፤ የሁለቱ ሸራዎች ልዩነት በራሱ እየሰፋ መሄድ ይጀምራል።

አሽከርካሪው ይህን በጊዜው የሚያውቅበት መንገድ ጠባብ ነው። ሸራው ሊያልቅ ሲል ዲስኩን እየጫረ የሚጮኸው የብረት ምላስ በብዙ መኪኖች የሚገኘው በውስጠኛው ሸራ አንድ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። በጎማው ክፍተት አጎንብሶ የሚመለከት ሰው ደግሞ የሚያየው የውጪውን ሸራ ጀርባና ጠርዝ ነው። በተሰነገ ፒን ምክንያት የውስጠኛው ሸራ ምላስ በሌለበት ጫፉ በኩል ሲያልቅ፣ ምላሱ ዲስኩን ሳይነካ፣ የውጪውም ሸራ ገና ወፍራም ሆኖ እየታየ፣ የተደበቀው ጫፍ ወደ ብረቱ ሊደርስ ይችላል። ያን ጫፍ የሚያሳየው ጎማውን አውልቆ ካሊፐሩን ማንሣት ብቻ ነው።